ሠላሳኛዋ ቀን

የምበላበት ሥራዬ ትልልቅ ጭነት በዓል ሳይዘው ከካርቱም እንዲወጣ ማድረግ ነበር። ምኞቴ ደግሞ አንድ ሎቤድ፣ አንድ ብቻ፣ በዓል ይዞት እንዲቀር ነበር። ሁለቱን በአንድ ሆድ ይዤ ስንት ዓመት እንደኖርኩ የምናውቀው እኔና እግዜር ነን። ጓደኛዬ ዘምዘምም ታውቃለች፤ እሷ የማታውቀው ነገር የለም።

ሎቤድ የሚባለው ወለሉ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ጎማው የበዛ ተሳቢ ነው። ትራንስፎርመሩንም፣ ቡልዶዘሩንም፣ ሌላ መኪና የማይችለውን ሁሉ እሱ ይሸከማል። ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ እንዲህ ያለ ሰፊ ጭነት፣ በክረምት የከሰላው መንገድ ስለማይመቸው በእኛ በኩል ዞሮ ያልፋል። እኔ አል-ሳሃፋ በሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ በአንድ ጎማ ጠጋኝና በአንድ ፉል ቤት መካከል በተሸጎጠች ቢሮ ተቀምጬ መንገዱን አሰናዳለት ነበር። የመብራት ሽቦ የት ላይ ዝቅ እንዳለ፣ የትኛው ድልድይ ላይ ከፊት የሚመጣውን ማስቆም እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ኬላ ላይ ያለው መቶ አለቃ ሻዩን ሳይጨርስ ሰው እንደማያናግር አውቃለሁ። እኔ ራሴ ግን መጀመሪያ ስመጣ በሌሊት ተሸፍኜ ካለፍኩት በቀር፣ ከከተማው ዳር ካለችው ከሶባ ወዲያ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። የስደተኛ ቢጣቃ፣ መታወቂያ ማለቴ ነው፣ የያዘ ሰው ያለ ፈቃድ ከካርቱም አይወጣም። ቢሆንም መንገዱን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ እደግመዋለሁ።

አለቃዬ ኦመር ሱዳናዊ ነው። ደግ፣ ወፍራምና እንቅልፋም ሰው ነው። «ያ ሰርካ፣ ወላሂ አንቺ ባትኖሪ ይህን በር ዘግቼ ሐብሐብ እሸጥ ነበር» ይለኛል። «ያ» በዓረብኛ መጥሪያ ነው፤ ሰርክአዲስ የሚለው ስሜ ይከብደዋል።

የሥራችን ጠላት በዓል ነው። ዒድ ሲቀርብ ካርቱም ትገለበጣለች፤ ሰዉ ሁሉ ወደየመንደሩ ይጎርፋል። የትራፊክ ፖሊሶቹ፣ ሙሩር የሚባሉት፣ አውቶቡሶቹን አሰልፈው ከፊትና ከኋላ እየጠበቁ ይሸኟቸዋል። ይህን ተፍዊጅ ይሉታል። በነዚያ ቀናት ከባድ መኪና አስፋልት ላይ እንዳይታይ ነው፤ ሰፊ ጭነትማ ስሙም አይነሣ። እኔ ትእዛዙ ሲመጣ ቀኑን ከፊትም ከኋላም እቆጥርና ጭነቶቼን በመካከሉ አሾልካለሁ። ያልሾለከ ጭነት ሶባ ባለው ግቢያችን ቆሞ አቧራ ይጠጣል፣ ባለቤቱ በስልክ ይሳደባል፣ ኦመር ሆዱን ያሻል። በኔ እጅ በየዓመቱ በዓል የሚይዘው ሾፌር አንድ ብቻ ነበር።

ሰብስቤ ይባላል፣ የጎንደር ሰው ነው። ሚስቱ ቤቲ የምትባል አንዲት ልጅ ትታለት ከሞተች ቆይታለች። መጀመሪያ ጊዜ የተያዘው በእውነት ነው። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ግቢው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ኦመር «ያገርሽ ሰው ነው፣ በረሃብ እንዳይሞትብን» ብሎ ምግብ እንዳደርስለት አዘዘኝ። እየተነጫነጭኩ ሄድኩና «እርስዎ» እያልኩ ሳሕኑን ከሩቅ አቀበልኩት። ሽሮዬን ቀመሰና «ጨው ፈርተሻል» አለኝ። ደሜ ፈላ። በማግስቱ ጨው ደፋሁበት፤ ምንም ሳይል በላ፣ ውኃ ብቻ ደጋግሞ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን አንተ አልኩት።

በሚቀጥለው ዓመት ዒድ ሊደርስ ሲል አትባራ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ጎማው ፈነዳ። ከዚያ ራዲያተሩ አፈሰሰ። እኔ ስልኩን አንሥቼ «ደግሞ ምን ሆነ?» ብዬ እቆጣለሁ፤ እሱ «ምን ላድርግ ሰርኬ፣ መኪና አይደል» ይላል። ኦመር ቁጣዬን ሲሰማ ለሾፌሩ ያዝንለታል። አንድ ጊዜ ሎቤዱ ግቢ ሲገባ የፈነዳውን ጎማ ለማየት ዞርኩ። ሁሉም ደህና ናቸው፤ የተቀየረም የለም፣ ሁሉም እኩል አርጅተዋል። ቀና ስል ሰብስቤ እያየኝ ነው። ለኦመር «ጎማ ፈንድቶበት ነው» ብዬ ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልማድ ሆነ፤ በዓል ሲቃረብ አንድ ነገር ይሰበራል፣ እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ይያዛል።

ካርቱም በዒድ ሰሞን የእኛ የቀሪዎቹ ናት። ጎዳናው ባዶ ይሆናል፣ ጥሩምባ አይሰማም፣ በምንኖርበት በሳጃና ሰፈር ከበር በር የሚሰማው አማርኛ ብቻ ነው። ሰብስቤ ከሶባ መጥቶ የተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ሽንኩርት ይልጥልኛል። የላጠውን ሁሉ አበላሽተሃል ብዬ ደግሜ እልጣለሁ። አመሻሽ ላይ ዓባይ ዳር ወጥተን እንሄዳለን፤ «ይህ እኮ ከናንተ አገር የመጣ ውኃ ነው» ይለኛል፣ እኔ የጎርጎራ ልጅ ስለሆንኩ። ጎርጎራ ከጣና ዳር ያለች ናት። ዓባይ ደግሞ ከጣና ይወጣል። ውኃው ወደዚህ ይመጣል እንጂ ተመልሶ አይሄድም፣ እለዋለሁ። አንድ ዓመት ከጎርጎራ ሎሚ ይዞልኝ መጣ። ልጣጩ ድንጋይ እስኪሆን ትራሴ ስር አቆየሁት። እወደዋለሁ። ይህን ቃል ግን ለሱ ብዬው አላውቅም፤ ሁልጊዜ በዓሉ ያልቅና መንገዱ ይከፈታል።

ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። «ኤምባሲ ሄደሽ ሊሴፓሴ አውጪና አብረን እንግባ» አለኝ። ሊሴፓሴ ፓስፖርት የሌለው ሰው አገሩ የሚገባበት ወረቀት ነው። ሁለቱንም ጊዜ «ከበዓሉ በኋላ» አልኩት። የሰውን ብረት ሁሉ ድንበር የማሻግር ሴት ራሴን ማሻገር አቃተኝ። እናቴ የሞተችው እኔ እዚህ እያለሁ ነው። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ሾፌር ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አረዳኝ። ከዚያ ወዲህ የማስበው የተዘጋውን በሯን ነው። እዚያ በር ፊት መቆም ፈርቼ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሁለት ሺህ ሁለት ሊያልቅ ጳጉሜ ሲገባ፣ ረመዳንም አብሮ ሊያልቅ ሆነ። ዒዱና እንቁጣጣሹ ጎን ለጎን መጡ። ሰብስቤ በዚያ ዓመት የጫነው ጀልባ ነበር፤ ለጣና የታዘዘ፣ ነጭና ሰማያዊ፣ ሙሉ የመንገደኛ ጀልባ። ስፋቱ አስፋልቱን ሞልቶ ይተርፋል። የዚያን ጊዜ ደግሞ የዘገየው በእውነት ነው፣ ጀልባው ከመርከብ ላይ ሳይወርድ ቆይቶበት። ካርቱም ሲደርስ ትእዛዙ ጸንቶ ነበር፤ ሰፊ ጭነት እስከ ረመዳን ሃያ ዘጠኝ አይንቀሳቀስም፣ ከዒድ ቀን ጀምሮ ደግሞ ሕዝቡ ተመልሶ እስኪያልቅ አይንቀሳቀስም።

እኔ ደስ አለኝ። ሳልዋሽ፣ ሳላብል፣ የመጣ ደስታ ነበር። ኦመር ማኅተሙን ትቶልኝ በተፍዊጁ ወደ አገሩ ሸንዲ ሄደ። እኔ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ አሰብኩ። ለዒዱ ዘምዘም ሥጋ ታመጣለች። ዘምዘም የወሎ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች፣ አሠሪዎቿ አገራቸው ሲሄዱ እኔ ጋ ትከርማለች። ጀልባ የጫነ ሎቤድ መጣ ስላት እየሳቀች «አንቺዬ፣ ሌላው ሙሽራ በፈረስ ይመጣል፣ ያንቺው በደረቅ መሬት በጀልባ መጣ» አለችኝ። ሂጂ ከዚህ አልኳት፣ ግን እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

የሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ወደ ሶባ ሄድኩ። ሰማዩ ጠቋቁሯል። ሰብስቤ ሎቤዱ ስር ቁጢጥ ብሎ ስልኩን እያየ ነበር። ሲያየኝ ወደ ኪሱ ከተተው።

«ማነው?» አልኩት።

«ቤቲ ናት። ወሯ ገብቷል።» ቤቲ ካገባች ዓመት አልሞላትም። «የመጀመሪያዋ ነው። እናት የላት። አባዬ ድረስልኝ ትለኛለች።»

«ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? በዓል ይዞኛል አልኳት።» ከዚያም «ይህ የመጨረሻዬ ነው ሰርኬ» አለኝ። «ወገቤ እምቢ ብሏል። ጀልባውን ካደረስኩ መኪናውን ለወንድሜ አስረክቤ ልጄ ጋ እቀመጣለሁ።»

ሁለቱንም ነገር እንደ ተራ ወሬ ነገረኝ፤ ጠባዩ ነው። እኔ ግን ሁለተኛውን ሰምቼ የመጀመሪያውን ረሳሁት። ከዚህ በዓል ሌላ በዓል የለንም ማለት ነው። አለን የምንለው ይኸው ያለንበት ሳምንት ብቻ ነው፤ ዒዱ፣ እንቁጣጣሹ፣ ከዚያም ሕዝቡ ተመልሶ እስኪያልቅ ያሉት ቀኖች። በዚህ ሳምንት እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሊሴፓሴውንም አነሣለታለሁ፣ ስለ በሩም እነግረዋለሁ፣ አብሮኝ ይቆማል።

ዝናቡ ጣል ጣል ማለት ጀመረ። ካርቱም ላይ ዝናብ ብርቅ ነው፤ በሩፋኤል ሲሆን ደግሞ ጸበል ነው። ጎርጎራ ሳለን እናታችን ልብሳችንን አስወልቃ ደጅ ታባርረን ነበር፣ ዓመቱን በሽታ እንዳይነካን። ራሴን ገልጬ ቆምኩ። ሰብስቤም ቆቡን አወለቀ። ሁለታችንም ሽበታም ሆነን እንደ ሕፃን ዝናብ ስንጠብቅ ዘበኛው ከበሩ ሆኖ በመገረም አየን።

«ነይ ውጪ» አለና መሰላሉን ጀልባው ላይ አስደገፈልኝ።

የጀልባው መቀመጫዎች ከላስቲካቸው ገና አልወጡም። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሱ መሪውን ይዞ ወደ ኦመር የጎማ ክምር አቅጣጫ አፈጠጠ። «ዘጌ! ደቅ! ጎርጎራ!» ብሎ እንደ ታክሲ ረዳት ተጣራ። ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። ዓይኔን ብጨፍን ውኃ ላይ ነኝ። ጨፈንኩ።

«ጎርጎራ ወራጅ አለ» አልኩ።

መሪውን ለቀቀና ዞሮ አየኝ። «የምርሽን ነው?»

ያን ጊዜ አዎ ማለት ነበረብኝ። አንደበቴ ግን ከልቤ ይቀድማል። «ሒሳብ ከፍያለሁ፣ መልሴን ስጠኝ» አልኩት። እሱም ሳቀ። ሳምንት ሙሉ አለን ብዬ ነው፤ ጊዜ ያለው ሰው ይቀልዳል።

አመሻሽ ላይ ሳጃና ተመለስኩ። ዘምዘም ጨረቃ ለማየት ጣሪያ ላይ ወጥታለች። ያ ዕለት ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ነበር። ጨረቃዋ ከታየች ነገ ዒድ ነው፤ ካልታየች ነገም ጾም ነው፣ ጾሙ ሠላሳ ይሞላል። ሩፋኤል ያመጣው ደመና ምዕራቡን ሸፍኖታል። ቆይቶ ሬዲዮውም ተናገረ፤ ጨረቃ አልታየችም።

«ወይ ጣጣ» አለች ዘምዘም ስትወርድ። «ብስኩቱን ሁሉ ጋግሬ። ነገም ጾም ነው።»

እኔ ቴምሩን ላቀርብላት እጄን ዘርግቼ እዚያው ቀረሁ። ነገ ሠላሳ ነው። ትእዛዙ እስከ ሃያ ዘጠኝ ይከለክላል፤ ከዒድ ጀምሮም ይከለክላል። ሠላሳ የሚል ግን የለበትም። አውቶቡሶቹ ሁሉ ሄደው አልቀዋል፣ መንገዱ ባዶ ነው። ትእዛዙን የጻፈው ሰው ጨረቃዋ ትታያለች ብሎ ቸኩሏል። ጳጉሜን የሚያውቅ አገር ልጅ ቢሆን ኖሮ ትራፊ ቀን አይረሳም ነበር። ጳጉሜ ከወሮቹ ተርፋ ደጅ የምትቀር ናት፤ ሠላሳኛዋም ቀን እንዲሁ ከሁለቱ ክልከላዎች መካከል ባለቤት ሳይኖራት ቀርታለች። ጧት ቢነሣ ማታ ገዳሪፍ ይደርሳል። ከገዳሪፍ ወዲያ እስከ መተማ ማንም አይከለክለውም።

ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ኦመር ሸንዲ ተኝቷል። ሰብስቤ እንደተያዘ ያምናል።

ዘምዘም ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ቴምሯን አኝካ ጨረሰች።

«እና?» አለች በመጨረሻ። «ማን ጠየቀሽ? ዝም በይ። አንቺ አልቆጠርሽም፣ እኔም አልሰማሁም። አንድ ዒድ ቢያምርሽ አላህ ይቆጣል?»

«ልጁ ልትወልድ ነው።»

«ሴት ሁሉ ይወልዳል።»

«እናት የላትም ዘምዘም። ድረስልኝ ብላዋለች።»

ዘምዘም የኔን እናት ነገር ታውቃለች። እናቴ ስትሞት ስሜን ጠርታ እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ጠርታኝ እንደሆነ ግን ሁልጊዜ ይሰማኛል። የደረሰላት የለም። ለዚያች ልጅ የሚደርስላት ሰው ግን አለ፤ እሱም ሶባ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ይዤ ያስቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እስካሁን ያስቀረው ትእዛዙ ነበር። ከአሁን ወዲያ ግን ዝምታዬ ነው የሚያስቀረው።

ለሶባ ኬላው መቶ አለቃ ደወልኩ። እምቢ እንዲለኝ መጸለዬን አልደብቅም። ጾሙን ፈትቶ ሆዱ ሞልቶ ስለነበር ደስ ብሎት አነሣው።

«ትእዛዙን እየው» አልኩት። «ሠላሳ የሚል አለበት?»

ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁት። ከዚያ ሳቀ። «ወላሂ የለም። ያ ሰርካ፣ አንቺ ሸይጣን ነሽ። ከፈጅር ሶላት በኋላ ይውጣ፣ የኛ መኪና ይመራዋል። ግን ዒድ ገዳሪፍን ሳያልፍ ካገኘው እዚያው ይቆማል፤ አልነገርከኝም እንዳትይኝ።»

አንድ ተስፋ ቀረኝ። እንደሚታወቀው መኪና ነው፤ መኪና ደግሞ ይበላሻል። ለሰብስቤ ደወልኩና ነገሩን ባጭሩ ነገርኩት። ከዚያም በየዓመቱ የምጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኩት፤ የዚያን ዕለት ግን ቁጣ አልነበረበትም።

«መኪናውስ እንዴት ነው?»

በልቤ እለምነዋለሁ። ፍሬኑ በለኝ፣ ራዲያተሩ በለኝ፣ ያላረጀ ጎማ ፈነዳ በለኝ፤ አንዱን በለኝና ነገ ጧት እቆጣሃለሁ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ደህና ነው» አለ ሰብስቤ። «መኪናው ደህና ነው ሰርኬ።»

«እሺ» አልኩ። «ገዳሪፍ ላይ ነዳጅ በግራ በኩል ካለው ቅዳ፤ የቀኙ በር ጀልባውን አያስገባም።»

«እሺ።»

ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ዘምዘም አጠገቤ ተቀምጣ አላባበለችኝም፤ ብስኩቱን ብቻ ወደኔ ገፋች።

ጧት ሶባ ስደርስ ሞተሩ ተነሥቷል። የፖሊስ መኪናው ከፊት፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ፒክአፓችን ከኋላ ነበር። ሰብስቤ ሸሚዙን ቀይሯል፣ ጢሙን ተላጭቷል። ልጁ ዘንድ የሚሄድ አባት ይመስላል፤ ነውም። ልነግረው የማልኩት ሁሉ ገና አልተነገረም። እኔ ግን ሥራዬን አወራሁ፤ መዳኒ መግቢያ ላይ ያለውን ዝቅ ያለ ሽቦ፣ ሐንቱብ ድልድይ ላይ መሐሉን ይዞ ቀስ እንዲል፣ የእኩለ ቀኑ ንፋስ ጀልባውን እንዳይገፋበት።

«አንድም ቀን ያላየሽውን መንገድ» አለ ራሱን እየነቀነቀ።

«ተናግሬ ልጨርስ።»

ጨረስኩ። እጄን ያዘ፣ ሻካራ ነው እጁ፣ ቶሎም አልለቀቀም። ሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቀኝ ከበዓሉ በኋላ አልለውም ነበር። አልጠየቀኝም። ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው በሩን ሦስተኛ አያንኳኳም፤ ማንኳኳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የፖሊሱ መኪና ጥሩምባ ነፋና ፖሊሱ «ያላ፣ እንሂድ!» አለው። ጀልባው ኬላውን አልፎ በጠፍ ሜዳው መካከል ሄደ። ከሩቅ ሎቤዱ አይታይም፤ ነጩና ሰማያዊው ብቻ ደረቅ መሬት ላይ ሲሄድ ይታያል። እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት።

በማግስቱ ዒድ ሆነ። ዘምዘም አዲስ ልብሷን ለብሳ ሥጋ አመጣች፤ በልተን ጠገብን፣ ከተማው ጭር አለ። በዚያ ሁሉ ጭርታ እኔ እሱ ያለበትን ቦታ አውቅ ነበር። መንገዱን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። አሁን ዶካን አለፈ፣ አሁን ገላባት ደረሰ፣ አሁን የድንበሯን ድልድይ ተሻገረ እያልኩ ሽንኩርት ልጬ ልጬ ሳየው ዶሮው ከሚፈልገው በላይ ሆኗል። ሰውን አጥቶ ያለበትን ማወቅ ከምን ይቆጠራል? ለኔ ከቁስል ነው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ደወለ። ቤቲ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ የደረሰው ምጥ ሊጀምራት ሲል ነው። «እጄን ይዛ ነው የወለደችው» አለኝና ድምፁ ተሰበረ። እንኳን ማርያም ማረቻት አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከልቤ ነበር።

ሕዝቡ ተመለሰ፣ መንገዱ ተከፈተ። ኦመር ከሸንዲ ወፍሮ መጣ። ጀልባው በሠላሳኛዋ ቀን መውጣቱን ሲሰማ ግንባሬን ሊስም ምንም አልቀረው። የዘገየው ጭነት ሁሉ ባንድ ቀን ጎረፈብን፣ ስልኩ ፋታ ነሣኝ። እኔ በየመካከሉ ኤምባሲው በር ስንት ሰዓት ይከፈት እንደነበር ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ ሄጄ ግን አልጠየቅኩም።

መስከረም ሲጋመስ አንድ ቀትር ላይ፣ ኦመር ወንበሩ ላይ እያንጎላጀ፣ የኢትዮጵያ ቁጥር ደወለ።

«ስሚ» አለ ሰብስቤ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ስልኩን ከአፉ ያራቀው ይመስለኛል። መጀመሪያ ንፋስ ሰማሁ። ከዚያ ውኃ፣ ብረት ላይ ቀስ እያለ የሚላተም ውኃ። ከሩቅ ሴቶች ያወራሉ፤ አነጋገራቸው የእናቴ ነው። ያንን ድምፅ ከሄድኩ ጀምሮ አልሰማሁትም ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጎርጎራ ደርሰናል» አለ ተመልሶ። እንደዚያ ዕለት ሊጣራ አስቦ ነበር መሰለኝ፣ ግን ድምፁ ዝግ አለ። «ወራጅ አለ?»

«አለ» አልኩት። በዚህ ጊዜ አልቀለድኩም። «አለ ሰብስቤ።»

ውኃው ብቻ ጥቂት ጊዜ ከተሰማ በኋላ መስመሩ ተቋረጠ። ሰምቶኝ እንደሆነ አላወቅኩም። ስልኩን እንደያዝኩ ቆየሁ።

ኦመር አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ያ ሰርካ፣ ማነው?»

«ጀልባው ደርሷል» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለና ተመልሶ ተኛ።